ልጄ፣ ጀልባዋና ባለ 40ው ሞተር

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍልቼ ተቀምጬ ሳለ የመጨረሻው ልጄ መጣ። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ድረስ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ሲያወራ ቆየና፣ «እማዬ፣ ያቺን ባንክ ያለችውን ገንዘብ ብታበድሪኝ» አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ለጀልባ ሞተር መሆኑን ነገረኝ። ሐረር ሠርቼ፣ ሐረር ልጆች አሳድጌ፣ ሐረር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚህች የተራራ ከተማ ለጀልባ ሞተር ገንዘብ የሚጠይቀኝ ልጅ ይኖረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ግን ያን ያህል እንግዳ አይደለም። እኛ አለማያ ስንለው ያደግነው የሐሮማያ ሐይቅ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ሐረር ለብዙ ዘመን የጠጣችው ውሃ ከዚያ ነበር። መስኖው፣ ለከተሞች የሚሳበው ውሃና ከተራራው የሚታጠበው አፈር ተደማምሮ ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ፤ ከብት የሚግጥበት፣ ሰው የሚያርሰው ሜዳ ሆነ። ጀሪካን ይዘን የተሰለፍንበትን ያንን ጊዜ በእኔ ዕድሜ ያለ የሐረር ሰው አይረሳውም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ውሃው ተመለሰ። ከውሃው ጋር ወፉም ሽርሽረኛውም መጣ። ልጄም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው እያንሸራሸሩ ሊሠሩባት፣ ያገለገለች ባለ ሞተር ጀልባ ከአርባ ምንጭ ገዝተው በጭነት መኪና አስመጡ።

ጀልባዋ የፋይበር ናት፤ ርዝመቷ አራት ሜትር ተኩል ይሆናል። ከኋላዋ ባለ 25 ፈረስ ጉልበት ሞተር ተንጠልጥሏል። ጫሞ ሐይቅ ላይ ሲሞክሯት እንደ ወፍ በርራለች አሉ። ሐሮማያ ላይ ግን ስድስት ሰው ሲጫንባት አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ ጭራዋን ውሃ ውስጥ ቀብራ መንፏቀቅ ብቻ ሆነ። ልጄ «ሻጩ ሸወደን» ብሎ ደመደመ። መፍትሔ ያለውም አንድ ብቻ ነበር፤ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር።

ገንዘቡን አልሰጥም አልኩት። ያ ገንዘብ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነው። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ፍጥነት የተጨመረባት አሮጌ ጀልባና ውስጧ የሚቀመጡ ሕፃናት ታዩኝ፤ የገዛ የልጅ ልጆቼም እዚያ ውስጥ አሉ። ልጄ ተቆጣ። «እማዬ፣ አንቺ ሁልጊዜ የሚታይሽ በሽታና ሞት ነው» ብሎኝ ስኒውን ሳይጨርስ ሄደ። ሁለት ሳምንት ደጄን አልረገጠም።

አነጋገሩ ቢያመኝም ሐሰት አልነበረም። ገና ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ከውሃ የወጣ አንድ ወጣት ሰዎች ተሸክመው አመጡልን። ያመጡት ሰዎች ውሃው ይውጣለት ብለው ዘቅዝቀውት ነበር። ትንፋሽ ሊሰጡት በሚገባቸው ደቂቃዎች ከሆዱ ውሃ ለማስወጣት ሲታገሉ ቆይተው ነበር የደረሱት። አልተረፈም። አብረውት የዋኙት ጓደኞቹ «አልጮኸም እኮ፣ የሚጫወት ነበር የመሰለን» እያሉ ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅሱ አስታውሳለሁ። ሰው ሲሰጥም ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ስለሆነ ያቺን ቅጽበት የሚጠቀምባት ለመተንፈስ ነው። ይህን ያየ ሰው ስለ ጀልባ ሲወራ ሌላ ምን ሊታየው ይችላል?

ነገር ግን ዝም ብሎ አልሰጥም ማለትም የነርስ ሥራ አይደለም። ሐኪም ቤት የኖርኩበት ደንብ መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ መድኃኒት የሚል ነው። ልጄ ሳያስመረምር መድኃኒት ሊገዛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳላስመረምር ከለከልኩት። ስለዚህ ነጠላዬን ለብሼ ከጁገል ግንብ ውጭ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። እኚህ ሰው ሐረር የምትታወቅባቸውን ፔጆ 404 ታክሲዎች ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የ404 ሾፌር ስለነበር በደንብ እንተዋወቃለን። ወጣት ሳሉ ምጽዋ ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ሠርተው እንደነበር ያወቅሁት ግን የዚያን ዕለት ነው።

ችግሩን ስነግራቸው ሳቁና፣ «ሲስተር፣ ሻጩ አልዋሸም። ጀልባዋ ዳገት ወጥታ ነው» አሉኝ። ጫሞ ከባህር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐሮማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ያ ባለ 25 ሞተር ሐሮማያ ላይ የሚሰጠው ወደ 20 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ማለት ነው። የሚገባው አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ደግሞ ያው ስለሚሆን፣ ድብልቁ ይወፍርና ካንዴላው ይጠቁራል። ከቆላ የመጣ ሰው ሐረር ላይ ሲያለከልክ ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

ቀጥለው ስለ ፕሮፔለሩ አስረዱኝ። ፕሮፔለር ማለት ከሞተሩ ጭራ ላይ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ክንፍ ብረት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ይጻፍበታል። አንደኛው ዲያሜትሩ ነው፤ ሁለተኛው ፒች የሚሉት፣ በአንድ ዙር ወደፊት ሊሄድ የሚገባውን ርቀት በኢንች የሚነግር ነው። ብሎን እንጨት ውስጥ ሲገባ እንደሚሄደው ያለ ነው። ፒቹ 12 ከሆነ፣ ውሃው ባያንሸራትተው ኖሮ በአንድ ዙር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራመድ ነበር።

«ፒች ማርሽ ነው፣ ሲስተር» አሉኝ። «ጀልባ ወደፊት፣ ወደኋላና ፎሌ እንጂ ሌላ ማርሽ የላትም። ማርሿን የምትመርጪላት ፕሮፔለር ስትገዢ ነው። ልጅሽ አሁን ዳገት በአራተኛ ማርሽ እየወጣ ነው።» ይህን ለመረዳት የ404 ሾፌር ሚስት መሆን ይበቃል። ባለቤቴ ከኤረር ሸለቆ ወደ ከተማ ሲወጣ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ያስተነፍሰው ነበር እንጂ ሞተር አልቀየረም።

ልጄን አስጠራሁት። አኩርፎም ቢሆን መጣ፤ በማግስቱ እሁድ ሦስታችንም ሐሮማያ ወረድን። ሽማግሌው መጀመሪያ ያዩት ሞተሩን አልነበረም። ጀልባዋ መሬት ላይ እንዳለች ከኋላ በታች ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ነቀሉ። ውሃው ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ አላባራም። ከወለሏ በታች ተቋጥሮ የኖረ ውሃ ነው። ያገለገለ ጀልባ ሲገዛ ይህን ማየት የመጀመሪያው ነገር ነው አሉ፤ ስድስት ሰው ጫንን ሲሉ ሁለትና ሦስት ሰው የሚያህል ውሃ አብሮ ተጭኖ ነበር። እኔ እንኳን ልብ አላልኩም እንጂ፣ እግሩ ያበጠ በሽተኛ ሲመጣ ክብደቱ ስጋ ነው ወይስ ውሃ ብዬ ስጠይቅ ነው የኖርኩት።

ቀጥሎ ከካንዴላው ገመድ ላይ ትንሽ ዙር ቆጣሪ ጠመጠሙ። በሞተሩ መመሪያ ላይ ቤንዚን እስከ መጨረሻው ሲሰጠው በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር መድረስ አለበት ይላል። አምስት ሰው ተጭኖ ስንሞክር 4,100 ላይ ቆመ። ሞተሩ እያቃሰተ ነው ማለት ነው። እንዲህ አፍኖ መንዳት ፒስተኑን ቶሎ ይጨርሰዋል። ፒች አንድ ኢንች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል፤ ሁለት ኢንች ብንቀንስ፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ ያላት ብሎን ለከፍታው በምትስማማ ጠባብ ብንቀይር፣ ካንዴላውንም አዲስ ብናደርግ ይበቃል አሉ።

ልጄ ግን አልተረታም። «ባለ 40ው ቢገጠም ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?» አለ። ያኔ ነው ዓይኔ ከኋላዋ ሳንቃ አጠገብ በቀለም የተለሰነች አራት ማዕዘን ብረት ላይ ያረፈው። ነርስ የመድኃኒት ብልቃጥ ስታነሳ አስቀድማ የምታየው ጽሑፉን ነው። በቁልፌ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ቁጥሮች ወጡ። የሰው ብዛት 6። የሞተር ጉልበት ቢበዛ 30። ጀልባዋን የሠራው ፋብሪካ የለጠፈው መጠን ነው።

ሽማግሌው ቀስ ብለው አስረዱት። የአሁኑ ሞተር 50 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ አዲሱ ባለ 40 ግን 100 ኪሎ ይጠጋል። ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ ሳንቃዋ ላይ ሲንጠለጠል ጭራዋ ወደ ውሃው ይቀርባል፤ ነጂው ድንገት ሲያቆም ከኋላ የመጣው የራሷ ማዕበል ዘሎ ይገባል። ሳንቃው ውስጡ የበሰበሰ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሊነቀል ይችላል። ልጄ ያቺን ብረት ለረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየ። አንድም ቃል አልተናገረም።

ፒቹ 10 የሆነው ፕሮፔለር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። የማይዝገውን ብርቱ ብረት ልንገዛ ስንል ሽማግሌው አልሙኒየሙን አስመረጡን። የሐሮማያ ወለል ትናንት የታረሰ ማሳ ነው፤ ጥልቀቱም በየቦታው ይለያያል። አልሙኒየሙ ከድንጋይ ወይም ከጉቶ ጋር ሲጋጭ ራሱ ይታጠፋል፤ ብርቱው ብረት ግን ምቱን ለማርሽ ቤቱ ያሳልፈዋል። ተጣጥፎ የሚጣል ክንፍ ማርሽ ቤት ከማሠራት ይረክሳል።

አምስት ሰው ይዛ 4,700 ዙር ደረሰች፤ አፍንጫዋንም አውርዳ ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። እውነቱን ለመናገር እንደ ጫሞው አልበረረችም። ከባዶ ስትሄድ የነበራት የመጨረሻ ፍጥነትም ትንሽ ቀንሷል፤ ማርሽ ሲቀነስ ይህ ያለ ነው። ወጪው ግን ልጄ ከጠየቀኝ ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ያንን ገንዘብ ሰጠሁት፤ አበደርኩት አልልም። ግን በአንድ ቃል ኪዳን ነበር፤ ከፕሮፔለሩ ጋር የስድስት ሰው ላይፍ ጃኬት ይገዛል፣ ከነሱም ሁለቱ የሕፃናት። የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ብቻውን ይንሳፈፋል፤ ልጁ ከታች ሾልኮ ይወጣል። ወላጆች ስትገዙም ሆነ ስትከራዩ የተጻፈበትን ክብደት ከልጃችሁ ክብደት ጋር አስተያዩ። አልብሳችሁ ማሰሪያውን አጥብቁና በትከሻው በኩል ወደ ላይ ሳቡት። አገጭና ጆሮውን አልፎ ከወጣ አይሆነውም። በእግሮቹ መካከል የሚታሰር ያለው ይሻላል። ነጂው ከሞተሩ ማጥፊያ ጋር የተያያዘውን ቀይ ገመድ እጁ ላይ ወይም እግሩ ላይ ማሰሩንም እዩ፤ ወድቆ ቢወጣ ሞተሩ ይጠፋል። ሰው ሲሳፈርና ሲወርድ፣ በተለይም ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ሲቀርብ ሞተር ይጥፋ። ፎሌ ላይ ማድረግ አይበቃም፤ ያ ባለ ሦስት ክንፍ ብረት ቢላዋ ነው። አያድርገውና ሰው ከውሃ ቢወጣና የማይተነፍስ ከሆነ አትዘቅዝቁት። በጀርባው አስተኝታችሁ ወዲያውኑ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ጀምሩ፤ ሌላው ሰው እርዳታ ይጥራ።

ባለፈው ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ጋር ሐሮማያ ሄድን። እሷ ብርቱካናማ ጃኬቷን ለብሳ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እኔም ፈራ ተባ እያልኩ ገባሁ። ልንነሳ ስንል አንድ ቤተሰብ ሮጦ መጣ። አባትየው ብሩን በእጁ ይዞ፣ «ልጆች ናቸው፣ ቦታ አይዙም፣ አጨናንቀን» አለ። ልጄ ወደ ባለ 40ው ሞተር ያለው ምኞት እስከ ዛሬ አልወጣለትም፤ ስልኩ ላይ ፎቶውን ሲያይ አየዋለሁ። ቀኑ ደግሞ ገበያ የቀዘቀዘበት ቀን ነበር። ዘወር ብሎ እኛን አንድ በአንድ ቆጠረን።

«ስንመለስ እወስዳችኋለሁ» አላቸውና ሞተሩን አስነሳ።