የጥገና መጽሐፍ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ

አንባቢ ሆይ፥ አሮጌ አውቶሞቢል ያለው ዘመድ ካለዎት ይህን ጽሑፍ ያስነብቡት። ባይኖርዎትም አንድ ቅዳሜ ከእኔ ጋራ ወደ መርካቶ ቢዘልቁ አይጸጸቱም።

በግቢያችን ጥግ አያቴ የገዟት አንዲት ቮልስዋገን አለች። ለብዙ ዓመት ስላልተነሣች ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ነበር፤ ባትሪዋም ከወጣ ቆይቷል። ባለፈው ጥምቀት አባቴ «እስከ ፋሲካ ካልተነሣች ለቁራሌው እሸጣታለሁ» አሉ። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝና መጽሐፍ ካገኘሁ ሞተር አያቅተኝም ብዬ ተነሣሁ።

መጽሐፉን ያገኘሁት በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፥ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ፥ ከሕግና ከሒሳብ መጻሕፍት ሥር ተጭኖ ነው። ሊብሬውን አስቀድሜ አይቼ ነበር፤ የሥሪት ዘመን 1960 ይላል። መጽሐፉም እስከ 1960 የተሠሩትን ቮልሶች የሚመለከት የእንግሊዝኛ ማኑዋል ነበረ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? መጽሐፉ የመኪናዋ ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ነው ስላለኝ ባለ 6 ቮልት ባትሪና ባለ 6 ቮልት ቦቢና ልገዛ ወደ ሶማሌ ተራ ሄድሁ።

ሶማሌ ተራን ላላዩት ልንገርዎት። መሬቱ በዘይት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። በአንዱ ሱቅ ደጃፍ በር ብቻ ተከምሯል፤ በሌላው የፊት መብራት ብቻ ተንጠልጥሏል፤ በሦስተኛው ሆዳቸው የተከፈተ ሞተሮች ተደርድረዋል። ገና ሳይገቡ ልጆች ከግራና ከቀኝ «ምን ጠፋ? የምን መኪና?» እያሉ ይከቡዎታል። የጠየቁት ዕቃ በሱቁ ባይኖር እንኳ ባለሱቁ አንድ ልጅ ይልክና፥ እርስዎ ሻይዎን ሳይጨርሱ፥ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ይደርሳል። ለእኔ ግን ባትሪው አልደረሰም።

ባለሱቁ «ወንድሜ፥ መኪናዋ ስንት ቮልት ናት?» አለኝ።

«መጽሐፉ ስድስት ይላል» አልሁት።

«መጽሐፉን አልጠየቅሁህም» አለ።

መቸም የተማረ ሰው ግትር ነው። ቦቢናውን በደመወዜ ሩብ ገዝቼ ስወጣ፥ ባለሱቁ አዝኖልኝ ነው መሰለኝ፥ በጓሮ በኩል ጋራዥ ወዳላቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ መራኝ። ሽማግሌው ማኑዋሉን አገላብጠው አዩና «ልጄ፥ የኋላውን ወንበር አንሣ፤ በመካከል ካለው ጉብታ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ጽፈህ አምጣ። የሞተሩንም ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ታገኘዋለህ» አሉኝ። ቤቴ ሄጄ አቧራውን ብጠርገው የሻንሲው ቁጥር በ118 ይጀምራል፤ የሞተሩ ደግሞ በኤፍ ፊደል።

እነሆ ምሥጢሩ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ (ይህና ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በዚህ ዓይነት ቮልስ ሻንሲ ላይ ሦስተኛው አኀዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ያሳያል፤ ስለዚህ 118 ማለት የ1968 ሞዴል ነው። ፋብሪካው ያን ሞዴል መሥራት የጀመረው በነሐሴ 1967 ሲሆን፥ የእኛ መስከረም 1960 የገባው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ሊብሬውን የጻፈው ሰው በእኛ ዘመን ጻፈ፤ እኔ በፈረንጅ ዘመን አነበብሁ። ኤፍ ደግሞ ባለ 1300 ሞተር ነው፤ እርሱም በዚያው ሞዴል ወደ 12 ቮልት ተሻግሯል። ቦቢናውን ገጥሜ 12 ቮልት ብለቅበት ኖሮ ግሎ ይቃጠል ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ እስካሁን አልነገርኋቸውም።

እንግዲህ መጽሐፍ ሲመርጡ ቁጥሩ በኪስዎ ይሁን። መኪናዎ የታዘዘበትንም አገር ይጠይቁ፤ ለአሜሪካ የተሠሩት ቮልሶች ወደ 12 ቮልት የተሻገሩት አንድ ዓመት ቀድመው ስለ ሆነ፥ የአሜሪካ መጽሐፍ ለአውሮፓ መኪና ሁልጊዜ አይታመንም። ሄይንስ የሚባለው የእንግሊዝ አሳታሚ የመጀመሪያውን የጥገና ማኑዋል ያወጣው በ1966 ነው፤ መኪናውን በእርግጥ ፈታትቶ እየገጠመ በፎቶግራፍ ስለሚያሳይ ለጀማሪ ይመቻል። ቤንትሊ የሚያሳትመው የፋብሪካውን የራሱን መመሪያ ነው፤ ደረቅ ነው፥ ነገር ግን ልኩ ሁሉ አለበት። ጆን ሚውር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1969 ያወጣው መጽሐፍ ደግሞ እንደ ወዳጅ እያጫወተ ያስተምራል። እኔ በመጨረሻ ለልብ ሚውርን፥ ለልክ ቤንትሊን ያዝሁ። የብሎኑ ማጥበቂያ በአሜሪካ ፓውንድ ስለ ተጻፈ ሳያሰሉ መፍቻ የሚያነሣ ሰው ብሎን ይሰብራል።

መጽሐፉን በስልክም ያገኙታል። ዳሩ ግን በቴሌግራም ከሚዞሩት ቅጂዎች የመጀመሪያው ያወረድሁት የኤሌክትሪክ ሥዕሉ ግማሹ ተቈርጦ ነበር፤ ሽፋኑን አይተው አይደሰቱ፥ ሥዕሉ ያለበትን ገጽ ቀድመው ይክፈቱ። ዘ ሳምባ በሚባለው ድረ ገጽ የቮልስ የኤሌክትሪክ ሥዕል በየሞዴሉ ዓመት ተለይቶ ይገኛል፤ የእኔን በነጻ ያገኘሁት ከዚያ ነው። ቪዲዮም እጅ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት መልካም ነው፤ የሚሠራው ሰው የመኪናውን ዓመት ካልተናገረ ግን ልኩን አይውሰዱ።

መጻሕፍቴ ያልነገሩኝን አንድ ነገር ሽማግሌው ነገሩኝ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ልክ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፥ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። ትንሽ ቀዳዳ ያለው ዢግለር ቀየሩልኝ። የገዛሁት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በሶማሌ ተራ መግቢያ ተደርድሮ የነበረው ዓይነት ነው።

በሆሳዕና ማግስት፥ ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ጨምረን ቁልፉን አባቴ አዞሩ። ሦስት ጊዜ አስነጠሰች፤ በአራተኛው ተነሣች፥ ዶሮዎቹም በጎረቤት አጥር ዘለሉ። አባቴ ምንም አልተናገሩም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከፊት ወንበር ተቀመጡና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ውሰደኝ አሉ።

ያ እስከ 1960 የሚለው ማኑዋልና ባለ 6 ቮልቱ ቦቢና አሁንም በመደርደሪያዬ ላይ ናቸው። ከአንባቢዎች መካከል በፈረንጅ ዘመን 1960 የተሠራች ቮልስ ያለው ሰው ቢኖር፥ የሻንሲዋን ቁጥር ጽፎ ይምጣ እንጂ፥ ሁለቱንም በነጻ እሰጠዋለሁ።