«ዳኛውን ጠይቅ»

የመኪና እሽቅድምድም ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ምናቸው ነው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እውነቱን ነው፤ ከመካከላችን መኪና ያለው የለም፤ መንዳት የሚችሉትም በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ነገር ግን ባለፈው ሰሞን ከራት በኋላ በመኝታ ቤታችን ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ያስመሸን ክርክር የመጣው በዚሁ በእሽቅድምድም ነው። ክርክሩ ወዳላሰብንበት ስለ ወሰደን፣ ያየነውን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ብዕር አነሣን። (ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን የጀመረው ስለ ሞተር ማንበብ የሚወድ አንድ ጓደኛችን ነው። በአሜሪካ አገር ለደስታቸው የሚሽቀዳደሙ ሰዎች በ1944 ዓ.ም. አንድ የስፖርት መኪና ክለብ እንዳቋቋሙ፣ በ1948 ዓ.ም. ዋትኪንስ ግሌን በምትባል የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ፣ በተራው መንገድ ላይ እንደ ተወዳደሩ አጫወተን። ክለቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች የገንዘብ ሽልማትን አጥብቆ ይከለክል ነበር። ተወዳዳሪው በሥራ ቀን ሥራውን ሠርቶ በዕረፍቱ ቀን ይነዳል፤ ቢያሸንፍ የሚያገኘው ዋንጫና ስም ብቻ ነው።

«እንግዲያው ገንዘብ ከሌለ ጠብም የለም» አልን።

ጓደኛችን ሳቀብን። ገንዘብ በሌለበት ጨዋታ ጠቡ እንዲያውም ይብሳል አለ። ገንዘብ የተወሰደበት ሰው ገንዘብ ቢመለስለት ይበርድለታል፤ ክብር የተወሰደበት ሰው ግን ምን ቢሰጡት ይበርድለታል? ደግሞም መኪና ምሥጢሯን በሆዷ የምትይዝ ነገር ናት። በአንድ ደረጃ የሚወዳደሩ መኪናዎች ሞተራቸው ደንቡ ከፈቀደው ልክ እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ነገር ግን አንዱ በጓሮው ሞተሩን ፈትቶ ከልኩ በላይ ቢያሰፋው ከውጭ ሆኖ ማን ያያል? የሚታየው አቀበት ላይ ጥሎ ሲሄድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ክለቡ ደንብ አበጀ። ተጠራጣሪው በየጥጉ ማማት አይገባውም፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስሙን ፈርሞ፣ ክፍያውን ከፍሎ፣ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያቀርባል። የባላጋራዬ ሞተር ይፈታልኝ ካለ ደግሞ የመፍቻውንና የመግጠሚያውን ወጪ አስቀድሞ ያስይዛል። ሞተሩ ከደንብ ውጭ ሆኖ ከተገኘ ወጪው በባለ መኪናው ላይ ይወድቃል፤ ንጹሕ ከሆነ ግን ያስያዘው ገንዘብ የከሳሹ ኪሣራ ነው።

ከመካከላችን ስለ ድሮ ዳኝነት ያነበበ አንዱ ይህን ሲሰማ ከአልጋው ላይ ብድግ አለና «ይህማ የአባቶቻችን ውርርድ ነው!» አለ። እውነትም ነው። በጥንቱ የሙግት ሥርዓታችን «ተጠየቅ» እየተባባሉ የሚሟገቱት ሰዎች በቃላቸው ላይ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ ቃሉን ማስረዳት ያቃተው ውርርዱን ይከፍላል። ባዶ አፉን ሰው የሚወነጅል እንዳይበዛ በሁለቱም አገር አንድ ዓይነት ብልሃት ተገኘ ማለት ነው።

በዚህ ደንብ ድርቅና የተሰለቹ ሌሎች አሜሪካኖች ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሌላ ውድድር ጀመሩ። ለአደጋ መከላከያ የሚወጣው ሳይቆጠር፣ የመኪናዋ ዋጋ ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ተባለ። ዳኞቹ ውድድሩ ሳይጀመር መኪናዋን እያገላበጡ ያያሉ፤ ባለቤቱ ስለ ዋጋዋ የሚያወራውን ያዳምጣሉ፤ ካላመኑት ገና ሳይነሣ ብዙ ዙር ይቀንሱበታል። አዘጋጆቹም ከፈለጉ መኪናዋን በዚያው በ500 ዶላር የመግዛት መብት አላቸው። «500 ብቻ ነው ያወጣሁባት» ብሎ የዋሸ ሰው መኪናውን በቃሉ ዋጋ ሊያጣት ይችላል! በዚህ ሁላችንም ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ ጓደኛችን የመጨረሻውን ታሪክ አመጣ። ይህኛው የታላላቆቹ ውድድር ታሪክ ነው።

በነሐሴ 1958 ዓ.ም. በፖርቱጋል በፖርቶ ከተማ በተደረገው ታላቅ ውድድር እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ በቫንዎል አንደኛ፣ የአገሩ ልጅ ማይክ ሆውቶርን በፌራሪ ሁለተኛ ወጡ። ሁለቱም ለዓለም ሻምፒዮንነት የሚፎካከሩ ነበሩ። ሆውቶርን ከመጨረሻው ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ሞተሩ ጠፋበት፤ ሽቅብ ሊገፋት ሲታገል ሞስ በአጠገቡ ሲያልፍ ቁልቁል ገፍቶ እንዲያስነሣት ጮኾ መከረው። ሆውቶርንም እንዲሁ አድርጎ ጨረሰ። ዳኞቹ ግን በውድድሩ መንገድ ወደ ኋላ ነድቷል ብለው ሊሰርዙት ተነሡ። በዚህ ጊዜ ሞስ ዳኞቹ ፊት ቀርቦ «ሆውቶርን ወደ ኋላ የሄደው በእግረኛው መንገድ ላይ ነው እንጂ በውድድሩ መንገድ አይደለም» ብሎ መሰከረ። ሆውቶርንም 7 ነጥቡ ጸደቀለት።

በዓመቱ መጨረሻ ሆውቶርን በ42 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሞስ 41 አገኘ። የሚቆጠረው የእያንዳንዱ ስድስት ምርጥ ውጤት ስለ ነበረ፣ ያ ውጤት ቢሰረዝ ኖሮ ሆውቶርን የሚቀረው 39 ነበር። በዚያ ዓመት ሞስ አራት ውድድር ሲያሸንፍ ሆውቶርን ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው። ሆውቶርን በጥር 1959 ዓ.ም. በተራ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። ሞስ እስከ 90 ዓመቱ ኖሮ በ2020 ዓ.ም. ሲያርፍ አንድም ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን አልሆነም።

«ሞኝ ነው» አለ አንዱ። «ዝም ቢል ማን ይጠይቀው ነበር?» ሌላው ደግሞ «ደግ ሰው ነው እንጂ» አለ። እኛ ግን ነገሩን ስናመላልሰው ሞኝነትም ደግነትም ሆኖ አልታየንም። ሞስ ለወዳጁ ብሎ አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ። ሆውቶርን በእውነት ደንቡን ሲጥስ አይቶት ቢሆን ያንንም መናገር በተገባው ነበር። ምስክር ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቤቱ ጸጥ አለ። ቆይቶ ከመካከላችን አንዱ ቀስ ብሎ «የኛስ ዋንጫ?» አለ።

አንባቢ ሆይ፤ ያን ዋንጫ ታውቀዋለህ። ዘንድሮ በፋኩልቲዎች የእግር ኳስ ግጥሚያ 1 ለ 0 አሸንፈን የወሰድነው ነው። ጎሏ ከማዕዘን ምት ስትገባ የኛን ልጅ እጅ ነክታለች። ዳኛው አላየም፤ እኛ ግን በቅርብ የነበርነው አይተናል። የባላጋራዎቻችን አምበል ወደኛ መጥቶ፣ ሳይቆጣ፣ «እናንተ ታውቃላችሁ፤ በእጅ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ጠየቀን። «ዳኛውን ጠይቅ» አልነው። በደንቡ መሠረት መልሳችን ትክክል ነበር። በዚያ ማታ ዋንጫውን ይዘን ስንጨፍር የተነሣነው ፎቶግራፍ አሁንም በግድግዳው ላይ አለ።

በማግስቱ ወደ ውድድሩ ኮሚቴ ማመልከቻ ይዘን ሄድን። ደንቡ ተነበበልን፤ ተቃውሞ የሚቀርበው ጨዋታው ባለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ በተሸናፊው ወገን ነው። አሸናፊ በራሱ ላይ ተቃውሞ የሚያቀርብበት አንቀጽ የለም። «ጊዜው አልፏል፤ ዋንጫው የእናንተ ነው» ተባልን።

ከዚያ ወደ አምበሉ ሄድን። ቤተ መጻሕፍት በር ላይ አገኘነውና፣ እርስ በርሳችን እየተያየን፣ «በእጅ ነበር» አልነው።

መጽሐፉን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረና «እሱንማ ያን ጊዜም አውቀናል» አለን። «የጠየቅኋችሁ ስለ ኳሷ አልነበረም።»

ዋንጫውን ብንሰጠው አልቀበልም አለ፤ ኮሚቴውም አልመልስም ብሏል። አሁን በመኝታ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ፎቶግራፉን ግን አንሥተነዋል። በሚመጣው ዓመት ከነዚያው ልጆች ጋር ስንገጥም አምበላቸው መጥቶ ቢጠይቀን ወደ ዳኛው እንደማንልከው ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ምስክር ይሁንብን።