ስለ ጨዋታው ሣጥን ሆድ ዕቃ

ጨዋታ ለተማሪ ምን ይጠቅመዋል የሚሉ ወንድሞች በመካከላችን እንዳሉ እናውቃለን። ዛሬ ከእነርሱ ጋር አንከራከርም። ይህን ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር በመቱ ከአንድ አናጢ ጋር ሆነን ስናቆም ትምህርት የሆነን ጨዋታው ሳይሆን የኮምፒውተሩን ዕቃ በእንጨት ውስጥ ማደላደሉ ነበርና የምንጽፈው ስለዚሁ ነው።

አሳቡ የኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 አላን አልኮርን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አታሪ ለተባለው ኩባንያ «ፖንግ»ን ሲሠራ ከሱቅ የተገዛ ተራ ቴሌቪዥን በእንጨት ሣጥን ከትቶ በካሊፎርንያ በአንድ መጠጥ ቤት አቆመው። ጥቂት ቆይቶ ተበላሸ ተብሎ ተጠራ፤ ከፍቶ ቢያይ ሳንቲም ሞልቶ ማስገቢያው ታፍኗል። በዚያ ሣጥን ውስጥ ኮምፒውተር አልነበረም። በኛ ውስጥ ግን አለ፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ኮምፒውተር ከፋብሪካ ሲወጣ የብረት ቤት አለው። ብረቱ ለጌጥ አይደለም፤ ዕቃውን ከመሬት ሽቦ ጋር ያገናኛል፣ ነፋሱንም በመንገዱ ይመራል። እኛ ይህን ቤት ገፈን ማዘርቦርዱን በኮምፔንሳቶ ላይ አሰርነው። ያውም በቀጥታ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ብሎን ሥር ትንሽ የነሐስ እግር አለ፤ ያለዚያ የብየዳው ነጥብ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ አየር ያጣል፤ እርጥብ እንጨትም ለኤሌክትሪክ የታመነ ጎረቤት አይደለም። የኢሉባቦርን ዝናብ የሚያውቅ ይህን ይረዳናል።

ፓወር ሰፕላዩን ከታች አኖርን፤ ከባድ ነውና። እርሱን ማንም እንዳይከፍተው እንለምናለን፤ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ኃይል ያስቀራል። 220 ቮልት የሚገባው እስከዚህ ብቻ ነው፤ ተጫዋቹ በጣቱ ወደሚነካቸው ቁልፎች የሚሄደው 5 ቮልት ነው። የሰው ልጅ እጁን የሚያሳርፍበት ነገር ስለ ሆነ የሶኬቱ ሦስተኛ ሽቦ በእውነት መሬት መንካቱን ሳናረጋግጥ አላበራነውም። በዚህ ነገር የቸኮሉ ጓደኞች ተቆጥተውን ነበር፤ ይቆጡ።

ነፋሱ ከታች ገብቶ ከላይ በኋላ በኩል ይወጣል፤ ሞቃት አየር ራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ፋኑ የሚያግዘው እንጂ የሚታገለው እንዳይሆን ነው። ቀዳዳዎቹን በወንፊት ሽቦ ሸፈንናቸው። ለአቧራ ብቻ ብለው የገመቱ ተሳስተዋል፤ ለአይጥ ነው። ሃርድ ዲስኩን ደግሞ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ላይ አስቀመጥነው፤ የተሸነፈ ተማሪ ሣጥኑን በቡጢ እንደሚመታ አስቀድመን እናውቅ ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ያወያየን ቁልፎቹ ናቸው። የአሮጌ ኪቦርድ ሰሌዳ አውጥተን ከእርሱ ሽቦ ዘረጋን። ኪቦርድ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ሽቦ የለውም፤ ፊደሎቹ በረድፍና በዓምድ ተሰልፈው ሽቦ ይጋራሉ። ስለዚህ ከአንድ አራት ማዕዘን ሦስቱ ማዕዘኖች አብረው ሲጫኑ ኮምፒውተሩ ያልተነካውን አራተኛ እንደ ተነካ ሊቆጥር ይችላል። አንዱ ሲዘል የሌላው ይተኩሳል ማለት ነው! ጠብ የሚያስነሣ ነገር ነው። በካሬ ወረቀት ላይ ረድፍና ዓምዱን ጽፈን የሁለቱ ተጫዋቾች ቁልፎች በአራት ማዕዘን እንዳይገናኙ እስክናደርግ ድረስ አንድ ሙሉ ምሽት ሄደ። ስለ ሒሳብ ትምህርት ጥቅም ከሰማነው ንግግር ሁሉ ይህ ምሽት ይበልጥብናል።

የቀረው የሳንቲም ጉዳይ ነው። ከኛ አንዳንዶች የእንጨቱና የሽቦው ዋጋ እንዲመለስ የአንድ ብር ሳንቲም መቀበያ ይግባ አሉ፤ ቀዳዳውም በሩ ላይ በእርሳስ ተሰምሮ ነበር። ሌሎቻችን፣ ከቤቱ የሚላክለት ገንዘብ የሌለው ተማሪ ከዳር ቆሞ የሌላውን ጨዋታ ሲያይ እንዲውል ሣጥን አንሠራም አልን። ክርክሩ የሁለት ሳምንት መኰራረፍ አመጣ። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጥቶ ቀዳዳው ሳይቈረጥ ቀረ፤ ወጪውን ከኪሳችን ተካፈልን፤ አንድ ጓደኛችንም እስከ ዛሬ አልተስማማም። የእርሳሱ መስመር አሁንም ይታያል።

ውስጡን ለማየት የሚሻ ሁሉ የኋላውን በር መክፈት ይችላል፤ በቅድሚያ ግን ስፒናውን ይንቀል።