ሸዋ ቤንች፦ ዝናብ መኪናን የሚፈትሽበት አገር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማን፣ የጎጀብን ወንዝና ቦንጋን አልፎ ወደ ሚዛን የሚወርድ ሰው ከዋቻ በኋላ መንገዱ እየጠበበ የሚሄድ ይመስለዋል። አስፋልቱ ግን ያው ነው፤ ያጠበበው አረንጓዴው ነው። እንሰቱ ከጓሮ አልፎ መንገድ ዳር ድረስ ይመጣል። ከእንሰቱ አጠገብ ጎደሬ፣ ከጎደሬው ጀርባ በዋንዛ ጥላ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ኮረሪማ። ሸዋ ቤንች ደርሰዋል ማለት ነው። የድሮ ካርታ የያዘ ሰው ሸዋ ጊሚራ ተብሎ ያገኘዋል፤ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በቤንች ሸኮ ዞን ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ያበቀለው ዝናብ ነው። ደቡብ ምዕራብ ከአገራችን ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት አካባቢ ሲሆን በብዙ ስፍራው በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። የአዲስ አበባ ሰው ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ ሲወጣ ነው የሚያውቀው። እዚህ ግን መጋቢት ላይ የጀመረው እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ህዳርም ቢሆን ጃንጥላ ቤት ጥሎ የሚወጣ የለም። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው እርስ በርሱ አይደማመጥም። ልጆቻችን የመጀመሪያዋን ሌሊት በፍርሃት፣ ሁለተኛዋን ደግሞ በጣፋጭ እንቅልፍ አሳልፈዋታል።

የባለቤቴ ታላቅ እህት እዚህ ቡና ይዘው መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ ልጆቹ አክስቴ ይሏቸዋል። ህዳርን የመረጥነው ልጆቹ ቡና ከጀበና በፊት ምን እንደሚመስል እንዲያዩ ነው። ቀይ ቀዩን ለይተው ለቀሙ፤ አረንጓዴ የቀላቀለም ተቆጣ። ከለቀማው ይልቅ ልባቸውን የወሰደው ግን የማድረቂያው አልጋ ነው። ከእነ ገለፈቱ የሚደርቅ ቡና እንደ ፀሐዩ ሁኔታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አልጋ ላይ ይቆያል። በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል፤ ማታና ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወድቅ ቤተሰቡ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ወደ ሸራው ይሮጣል። የደረቀ ቡና የሚቀረው እርጥበት ከ11 እስከ 12 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ይሻግታል። ሽታም ይስባል፤ ናፍጣ አጠገብ ያደረ ቡና ስኒ ውስጥም ናፍጣ ነው።

ይህን ያነሳሁት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለሆነው ነገር መግቢያ እንዲሆን ነው። ባለቤቴ ሚዛን ደርሶ ለመመለስ መኪናውን ከእትዬ ደጅ ቁልቁል ሲያወጣት፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከኋላ አንድ ድምፅ ይሰማል፦ ሽዋ... ሽዋ። ልጆቹ ሳቁ። የኋላ ኮፈኑን ከፈትነው። ላይ ላዩ ደረቅ ነው። ምንጣፉንና ከሥሩ ያለውን ጣውላ ስናነሳ ግን ስኮርታ ጎማው ሦስት ጣት የሚያህል ውሃ ውስጥ ተቀምጧል፤ ክሪኩም ዝገት ጀምሮታል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ውሃ አልታየም፤ ምክንያቱም መኪናዋ ቤትም ሥራ ቦታም የምታድረው ከጣሪያ ሥር ነው። እዚህ ሁለት ሌሊት ሙሉ ደጅ፣ ያውም አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙራ አድራለች።

እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ተመለከቱ። ለእኛ ያስቀመጡት አንድ ጆንያ የተፈለፈለ ቡና ነበር። “ሦስት ሳምንት ሙሉ እያገላበጥሁ ያደረቅሁትን ኩሬ ላይ ላስቀምጠው ነው? መጀመሪያ ይህን አድርቁት” አሉ። ከአዲስ አበባ ለመድረስ ሁለት ቀን ነው የፈጀብን፤ መመለሻውም ያው ነው። ሁለት ቀን በእርጥብ ኮፈን ውስጥ ተዘግቶ የሚሄድ ቡና ምን እንደሚሆን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ባለቤቴ ወዲያው ጣቱን የቀሰረው ውሃው ወደተኛበት ወደ ግራው ጥግ ነው። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። የቆርቆሮ ቤት ኖረው ጣሪያ ሲያፈስ የሚንጠባጠብበትና ውሃው የሚገባበት ቦታ አንድ ሆኖ አይተው አያውቁም። ቆርቆሮው በአንድ ምስማር በኩል ያስገባል፣ ውሃው ማገሩን ተከትሎ ሁለት ክንድ ይጓዛል፣ ከዚያ አልጋ ላይ ጠብ ይላል። መኪናም እንዲሁ ነው። ውሃው በላሜራው እጥፋት፣ በሽቦው ላይ፣ በምንጣፉ ሥር ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይቆማል። ኩሬው የሚነግረን የት እንደደረሰ ብቻ ነው።

ሚዛን ስንወርድ መንገድ ዳር ካለ አንድ ትንሽ ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው፤ ዝናብ በበዛበት ከተማ የሚሠራ ሰው በመሆኑ ጉዳዩ አላስገረመውም። “ጋሼ፣ ሲልከን አልነካም። መጀመሪያ በየት እንደሚገባ እንየው” አለ። ይህች አባባሉ ወደድኳት። ብዙ ቦታ መኪና ሲያፈስ የሚደረገው በተጠረጠረው ሁሉ ላይ ሲልከን መቀባት ነው፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛው ቀዳዳ የት እንደነበር ማንም አያገኘውም።

ኮፈኑ ባዶ ሆነ። ምንጣፍ፣ ጣውላ፣ ጎማ፣ የጎንና የጎን ሽፋኖች ሳይቀሩ ወጡ። ውሃው በጨርቅ ተመጠጠ፣ ላሜራው ደረቀ። ቀጥሎ የበሩን ዙሪያ ጎማ ፈተነ። የ10 ብር ኖት ከጎማው ላይ አድርጎ ኮፈኑን ዘጋና ኖቷን ሳብ አደረገ። ጎማው ጤነኛ ከሆነ ብሩ እየተጎተተ በግድ ነው የሚወጣው፤ የደከመ ከሆነ ሾልኮ ይመጣል። ዙሪያውን ሁሉ እንዲህ ዞረው፤ ልጄ ብሩ በተያዘ ቁጥር ያጨበጭባል። ጎማው ነጻ ወጣ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ከፓራውልቱ ጀርባ ነበር። አብዛኛው መኪና እዚያ ቦታ ላይ የውስጡ አየር የሚወጣባቸው ትንንሽ የፕላስቲክ መስኮቶች አሉት። ዙሪያቸው ያለው ማሸጊያ ሲደርቅ ጎማው የሚረጨውን ውሃ ያስገባሉ። እነሱም ደረቅ ሆነው ተገኙ። መካኒኩ አንድ ነገር ጠየቀን፦ መኪናዋ ከኋላ ተመትታ ታውቃለች? ጥያቄው ተገቢ ነው። ያገለገለ መኪና ስንገዛ ከኋላ ተመትቶ የተቃና ሊሆን ይችላል፤ ባትላሜራው ላሜራውን አስተካክሎ ስቱኮና ቀለም ሲያደርግበት በመገጣጠሚያው ውስጥ የነበረው የፋብሪካ ማሸጊያ ሳይመለስ ይቀራል። ከውጭ የሚያምር፣ ከውስጥ የሚያፈስ መኪና የሚመጣው እንዲህ ነው። የእኛዋ አልተመታችም።

ነገሩን የፈታው ውሃ ሳይሆን አቧራ ነው። መካኒኩ የእጅ ባትሪ አብርቶ በቀኙ የኋላ መብራት ሥር ያለውን ላሜራ አሳየን። ከመብራቱ ጠርዝ ተነስቶ ወደታች የሚወርድ፣ ክር የመሰለ ቀይ መስመር አለ። ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ በደረቅ ጊዜ አቧራ ያስገባል፤ የኮረኮንች መንገድ አቧራ ከዝናቡ በፊት መንገዱን አስምሮልን ነበር። ቀኝ በኩል ገብቶ፣ በወለሉ እጥፋት ተሻግሮ፣ መኪናዋ በቆመችበት ዘመም ምክንያት ግራ ላይ ተኝቷል።

ለማረጋገጥ ባለቤቴ የኋላውን ወንበር አጥፎ በዚያ በኩል ባትሪ ይዞ ገባ። መካኒኩ ውሃውን ቀስ አድርጎ ከታች ወደ ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ብዙ እየቆየ ማፍሰስ ጀመረ። ከላይ የጀመሩ እንደሆነ ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ይረጥብና ምንም አይለይም። መብራቱ ጋ ሲደርስ ባለቤቴ ከውስጥ “መጣ!” ብሎ ጮኸ። (ልጆቹ እኛ እንግባ ብለው ለምነው ነበር፤ ሕፃን ኮፈን ውስጥ ገብቶ አይዘጋበትም፣ ለጨዋታም ቢሆን።)

ከውስጥ ያሉት ዳዶዎች ተፈትተው መብራቱ ሲወጣ ምክንያቱ ፊት ለፊት ነበር። በመብራቱና በላሜራው መካከል ያለው የስፖንጅ ጓርኒሲዮን በፀሐይ ብዛት ደርቆ እንደ ቂጣ ተሰነጣጥቋል። አዲስ በቅርብ ስላልተገኘ መካኒኩ የድሮውን ፍቆ አጸዳና የመኪና መስታወት በሚለጠፍበት ጥቁር ማሸጊያ ዙሪያውን ሳያቋርጥ ሞላው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው፣ ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲልከን ለመታጠቢያ ቤት እንጂ ለመኪና ላሜራ አይሆንም። ሽታው አሲድ ነው፤ ቀለም የተላጠ ብረት ካገኘ ያዝገዋል። ዳዶዎቹም በመጠኑ ነው የሚጠብቁት፤ መብራቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ከልክ ካለፉ ይሰነጠቃል። የእጅ ዋጋው ከዚያን ቀን ምሳችን ያነሰ ነበር።

ቡናው ባይኖር ኖሮ አዲስ አበባ እስክንመለስ እንተወው ነበር? ባለቤቴ አዎ ባይ ነው። እኔ አይደለሁም፤ ምክንያቴም ዝገት አይደለም። ውሃ የሚያስገባ ክፍተት የማርሚታ ጭስም ያስገባል። መኪና ስትሄድ ከኋላዋ ያለው አየር ይሳሳል፣ ጭሱም ወደ ኋላ ኮፈኑ ይሳባል፤ ከኮፈኑ ወደ ኋላ ወንበር ያለው ርቀት ደግሞ አንድ ስፖንጅ ነው። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ያመጣል፤ በረጅም መንገድ ላይ ልጅ እንዲህ ሲሆን መንገዱ አዞረው ብለን እናልፋለን። ኋላ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው።

የቀረው ማድረቅ ነው፤ እሱም የእትዬ ሙያ ሆነ። ምንጣፉን ቡናው ከተነሳበት አንድ ባዶ አልጋ ላይ ዘርግተው እንደ ቡናው ሲያገላብጡት ዋሉ። ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ላይ ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ሁለት ቀን ፈጀ። ለሽታው ከሰል በሰፌድ አድርገው ኮፈኑ ውስጥ አሳደሩ። ዳመና ሲመጣ ልጆቹ ለቡናውም ለምንጣፉም እኩል ሮጡ።

መኪናዋን በዚያው ዘመም ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ አቆምናት፤ በወለሉ ላይ ነጭ ሶፍት ዘረጋን። ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። ጠዋት ሶፍቱ እንዳለ ነበር። እትዬ ግን በሶፍት አላመኑም። ጣታቸውን በስኮርታ ጎማው ሥር አስገብተው ዳሰሱ፣ አሸተቱ፣ ጎንበስ ብለው እንደገና አሸተቱ፤ ከዚያ ጆንያው ይምጣ አሉ። ያም ሆኖ በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ነው ያስጫኑት፣ ከላዩም ምንም እንዳይደረብበት አዘዙ። ማሩን እኔ እግር ሥር አስቀመጡት።