ቁልቁለቱም ቻርጀር ነው

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ስህተቴ ነው። በተለይ ደብረ ማርቆስ ላይ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ያኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌላችሁ እኔው ራሴ የረሳሁት ነገር አለበት።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ የድሮ ተማሪዬ የኤሌክትሪክ ባጃጁን እያስገፋ ደጄ መጣ። የቤንዚን ወረፋ ቢያማርረው የድሮውን ሸጦ፣ ተበድሮ የገዛው ነው። የባትሪው መቆጣጠሪያ፣ ቢኤምኤስ የሚሉት ሰሌዳ፣ ተቃጥሏል። ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል ተብሏል።

«ጋሼ፣ እሱን ይዝለሉትና ዳይሬክት ያድርጉልኝ» አለኝ። «ሌላ ቦታ እሺ ብለውኝ ነበር፤ እናቴ ናት መጀመሪያ ጋሼን ጠይቅ ያለችኝ።»

እናቱን እግዜር ይስጣቸው። ዳይሬክት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የልጁ ባትሪ 16 የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴሎች በተርታ የተያያዙበት ነው። እያንዳንዱ 3.2 ቮልት፣ ድምሩ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት። ጎጃም ላደገ ሰው በበሬ ማስረዳት ይቀላል። በአንድ ቀንበር ከተጠመዱት አንዱ ከደከመ፣ ሌላው የፈለገ ጉልበት ቢኖረው እርሻው የሚሄደው በደካማው ልክ ነው። ሴሎቹም እንደዚያው ናቸው። ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆናል፤ ሲሞላም ቀድሞ ይጠግባል። ድምሩን ብቻ ብትለኩ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ውስጥ ግን አንዱ እየሞተ ነው። ቢኤምኤስ ማለት 16ቱንም አንድ በአንድ የሚያይ ዓይን ነው። ዳይሬክት ማድረግ ያንን ዓይን ማጥፋት ነው።

«አናደርገውም፤ እንሠራዋለን» አልኩት።

ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ከየሴሉ ቀጭን ሽቦ አወጣን፣ ቮልቴጁን የሚያነብ ቺፕ፣ የሚያስብ ትንሽ አርዱይኖ፣ አራት ቦታ የሙቀት ሴንሰር፣ አደጋ ሲመጣ መስመሩን የሚቆርጥ ኮንታክተር። የብርዱንም ነገር አልረሳሁም፤ ይህ ዓይነት ሴል ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም፣ የኅዳርን ውርጭ ደግሞ እናውቀዋለን። ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሞላውን ሴል ትርፉን በ33 ኦም ሬዚስተር እያቃጠልን እንዲጠብቃቸው አደረግን። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሬዚስተሩ የሚያልፈው 0.1 አምፒር ገደማ ስለሆነ የ5 አምፒር-ሰዓት ልዩነት ለማስተካከል 50 ሰዓት ይፈጃል።

ሠራ! ሦስት ቀን ሙሉ ሠራ። እኔም ኮራሁ፤ አልዋሽም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እኔና እናቱ ከኋላ ተቀምጠን ወደ ጨሞጋ የሚወርደውን ቁልቁለት ጀመርን። ባትሪው ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ ጢም ብሏል። ልጁ እጀታውን ሲለቅ ሞተሩ እንደ ልማዱ ፍሬን ሆኖ ያዘን። ጥቂት እንደወረድን «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔው ኮንታክተር ነው። ይዞን የነበረው ሞተር ለቀቀን፤ ባጃጁ ወደፊት ተፈተለከ። ዳሽቦርዱ ጠፋ፣ ጡሩምባውም ዝም አለ። ከፊታችን አህያ የሚነዱ ሰዎች ነበሩ። የእግር ፍሬኑን ረገጠው፤ ሸራው አልቆ ኖሮ በደንብ አልያዘም። መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረና ሣር ያለበት ቦይ ውስጥ ገብተን ቆምን።

የሰው ጥፍር አልተነካም፤ ተመስገን። እናቱ ለጥየቃ የያዙት ዳቦ ብቻ አፈር ላይ ተንከባለለ።

ማታ መዝገቡን ከፍቼ አየሁት። 7ኛው ሴል ከ3.65 ቮልት አልፏል። ሰሌዳው ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው፤ «ከዚህ ካለፈ ወዲያው ቁረጥ» ብዬዋለሁ። ለኔ ቻርጅ ማለት ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት ብቻ ነበር። ቁልቁለቱም ቻርጀር መሆኑን ረሳሁት። ሞተሩ ፍሬን ሲይዝ እኮ ጄኔሬተር ነው፤ የሚያመነጨውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ይፈልጋል። ባትሪው ሞልቷል፣ ቦታ የለም። የቆረጥኩት ከረንት ፍሬናችን ነበር።

ልጆች፣ ክብደት ሲባዛ በከፍታ ብዬ ያስተማርኳችሁ ትዝ ይላችኋል? ሕዳሴ ግድብ ላይ ውሃው ሲወርድ ተርባይን የሚያዞረው በዚሁ ሕግ ነው። ከነሰዉ 600 ኪሎ የሚመዝን ባጃጅ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ወረደ እንበል። ቁልቁለቱን በ1,000 ሜትር ብቻ ብንቆጥረው የሚለቀው ጉልበት 1.6 ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል። የልጁ ባትሪ ሲሶ ማለት ነው! ግማሹ በመንገድ ቢባክን እንኳ የቀረው ቦታ ይፈልጋል።

በማግስቱ ልጁንና እናቱን ቡና ላይ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ጥፋቱ የፍሬኑም የአንተም አይደለም፤ የኔ ነው» አልኩት። እናቱ ሲኒውን እያቀበሉኝ፣ «እንስራ እስከ አፉ ተሞልቶ ቁልቁለት ይወረዳል እንዴ የኔታ?» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ውሃ የቀዱ ሴት ናቸው። እኔ መቼ ጠየቅኋቸው?

እንደገና ሠራነው። አሁን ቻርጁ 90 ከመቶ ላይ ያቆማል። ይህን በቮልቴጅ ማወቅ አይቻልም፤ የዚህ ሴል ቮልቴጅ መሃል ላይ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ የገባውንና የወጣውን አምፒር መቁጠር ያስፈልጋል። ሴል ሊሞላ ሲል መጀመሪያ ጩኸት ይሰማል፣ ቀጥሎ የሞተሩ ፍሬን ቀስ እያለ ይላላል፤ መቁረጥ የመጨረሻው ነው። መብራትና ጡሩምባ የራሳቸው ትንሽ ባትሪ አላቸው። ሴሎቹ እንዲስተካከሉ በወር አንዴ ሞልቶ ያድራል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን መጀመሪያ ዳገት ነው የሚወጣው። የፍሬን ሸራውም ተቀይሯል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ በየከተማው እየበዛ ነው። ስለዚህ ሹፌሮች፣ «ዳይሬክት አድርጉልኝ» አትበሉ። ጠጋኞች፣ ብትባሉም እሺ አትበሉ። ደጋ ላይ የምትነዱ ደግሞ፣ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪያችሁ ላይ ቦታ ተዉ፣ የእግር ፍሬናችሁንም አስፈትሹ።

ንድፉን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በነፃ እልካለሁ። ስህተት ካገኛችሁበት ግን እዚሁ በአደባባይ ንገሩኝ፤ የሌላው ሰው እናት ከመሳፈራቸው በፊት።