ጤፍ ድንጋይ ሲሆን

ትናንት ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ጤፍ በፍሬ በፍሬ በወረንጦ እያነሳሁ ኮላ ላይ ስተክል እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ዝም ብላ ትንሽ አየችኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ጤና ነህ? ጤፍ በፍሬ መቁጠር ጀመርክ?» አለችኝ።

«ጤፍ አይደለም እማ፣ ድንጋይ ነው።»

«በዚህ ዋጋ ድንጋይ ሆነልህ!» ብላ ወጣች።

እውነትም ድንጋይ ነው። የምሠራው ነገር ሁሉ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ነው። አንድ ሜትር ከሰባ የሆነ ሰው እኔ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሴንቲ ተኩል እንኳን አይሞላም። አንድ ሚሊ ሜትር የምትሆን የጤፍ ፍሬ በዚህ ስሌት ሰባት ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ እጅ ውስጥ የምትገባ፣ እረኛ ለውሻ የሚወረውራት ዓይነት ድንጋይ። አሸዋ ሞክሬ ነበር። ለነቀምቴ ሜዳ አሸዋው ሁሉ ቋጥኝ ሆኖ አስቸገረኝ።

እዚህ ገጽ ላይ ስለዚህ ነገር ጽፌ አላውቅም። ምክንያቱ ሐፍረት ነው። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው መጫወቻ ይሠራል እንዳልባል። ግን ወለጋ ውስጥ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ሞዴል ያልሠራበት ጊዜ አለ እንዴ? ሰኔ ሲገባ ከጭቃ በሬ እንሠራለን፣ ሻኛውን በአውራ ጣት ገፋ አድርገን እናወጣለን፣ ቀንዱ ስንጥር ነው። ከበቆሎ አገዳ ሞፈርና ቀንበር። ከሰርዲን ቆርቆሮ መኪና፣ ጎማው ካረጀ ሸበጥ ተቆርጦ፣ መሪው ረጅም ሽቦ። ከግምቢ የሚመጣውን የቡና አይሱዙ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ሳይቀር ነበር የምንሠራው። ማንም «ልኬቱን ጠብቁ» አላለንም። ግን በሬው ከመኪናው ሲበልጥ እርስ በርስ እንሳሳቅ ነበር። ዓይናችን ልኬት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሳጥን ውስጥ ተበታትኖ የሚመጣውን የፕላስቲክ ሞዴል ያየሁት በኋላ ነው። ሚኒሶታ የሚኖር ዘመዴ ለእረፍት ሲመጣ የታሚያ ታንክ ይዞልኝ መጣ፤ 1 ለ 35 የሚባለው መጠን። ይህ 35 የሚባል ቁጥር ከየት መጣ ብዬ ብዙ አስቤ ነበር፤ ለምን 30 ወይም 40 አልሆነም? ታሪኩን ሳነብ ሳቅኩ። በፈረንጆች 1960ዎቹ መባቻ የታሚያ ጃፓኖች የፓንተር ታንክ ሲሠሩ ሆዱ ውስጥ ሞተርና ባትሪ ድንጋይ እንዲገባ ፈለጉ። ባትሪው የሚበቃው ታንክ ሲለካ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ገደማ አንሶ ተገኘ። ዛሬ ዓለም ሁሉ ወታደርና ታንክ የሚሠራበት መለኪያ የተወሰነው በባትሪ ነው። የእኛ መኪና መጠንም የሚወሰነው በሰርዲኑ ቆርቆሮ ነበር።

ከታንኩ ጋር ትንንሽ ብልቃጥ ቀለሞች አብረው መጡ። አንዷ ላይ ኤክስ ኤፍ 15፣ «ፍላት ፍሌሽ» ይላል፤ የሰው ገላ ቀለም ማለት ነው። ከፈትኩት። ሮዝ ነው። አጠገቡ እጄን አስጠግቼ አየሁት፤ ታዲያ ይሄ የማን ገላ ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ገላ የምለው ቀለም ራሴ የበጠበጥኩት ነው፦ ቡናማ፣ ትንሽ ቀይ፣ ጠብታ ቢጫ። ሁለት ሰው በአንድ ብጥብጥ አልቀባም፤ የአንድ እናት ልጆች እንኳን አንድ ዓይነት አይደሉም።

ወደ ጤፉ ልመለስ። የምሠራው ነቀምቴ አጠገብ ያለውን የቦነያ ሜዳ ነው።

ነቀምቴ ያደገ ሰው ታሪኩን ቢያንስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል፦ ጥቁር አንበሶች የጣሊያን አውሮፕላን አቃጠሉ። እኔም ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር። ሞዴል ስትሠራ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አይበቃህም። ስንት አውሮፕላን? ምን ዓይነት? በየትኛው ወር? መሬቱ ደረቅ ነበር ወይስ ጭቃ? ቀን ነው ማታ?

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን ገባ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶችና የተማሩ ወጣቶች ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ወለጋ ላይ ጥቁር አንበሳ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ሰኔ 19 ቀን ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦነያ ሜዳ ላይ አረፉ። ከሌቃው ገዥ ከደጃዝማች ሀብተማርያም ጋር ተነጋግረው ወለጋን ያለ ውጊያ ለመያዝ ነበር ሐሳባቸው። ከመጡት መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንሶ ማሊዮኮ፣ ኮሎኔል ማሪዮ ካልደሪኒና አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ። ሎካቴሊ በአገሩ ስሙ የገነነ አብራሪ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቪየና ላይ ወረቀት ከበተኑት አንዱ፣ በኋላም አትላንቲክን ለማቋረጥ ሞክሮ ግሪንላንድ አጠገብ ከባሕር ላይ የተለቀመ። ያ ሁሉ ባሕር ያልዋጠው ሰው ቦነያ ሜዳ ላይ ቀረ። ሌሊቱን ጥቁር አንበሶች ደረሱ። 12 ጣሊያኖች ተገደሉ፣ አውሮፕላኖቹ ነደዱ። ከመጡት የተረፉት አባ ማሪዮ ቦሬሎ የሚባሉት ቄስ ብቻ ናቸው።

ከሦስቱ ሁለቱ ካፕሮኒ 133 ናቸው፤ ባለ ሦስት ሞተር፣ ክንፏ ከላይ የሆነ፣ ቦምብም ሰውም የምትጭን። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21 ሜትር ከ24 ሴንቲ ነው፤ እኔ ጋ 29 ሴንቲ ተኩል፣ ከትምህርት ቤት ማስመሪያ ትንሽ ታጥራለች። ጣሊያን ወታደሮች ራሳቸው ያወጡላት የቅጽል ስም አለ፦ «ላም»። ይህን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ላም ከሆነችማ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሠራት ነገር ናት።

ሳጥን ውስጥ የመጣች አይደለችም፤ ከባዶ ነው የሠራኋት። ገላዋ የፓስታ ካርቶን ነው፣ ድርብርብ ተደርጎ በኮላ የተለሰነ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ምሽት የታሸ። መስኮቶቹ የእናቴ የጉልበት ራጅ ነው። ያረጀ የራጅ ፊልም በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጥቁሩ ታጥቦ ይለቅና እንደ መስተዋት የጠራ ፕላስቲክ ይቀራል። (ሐኪሙ ይፈለጋል ካለ ምን እንደምለው አላውቅም።) ሞተሮቿ ከሁሉ አስቸገሩኝ። እያንዳንዱ ሞተር ዙሪያውን ሰባት ሲሊንደር አለው፤ ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ። ለእምብርቱ ቁልፍ ያስፈልገኝ ነበር፤ የሸሚዝ ቁልፍ ሲያንስ የኮት ቁልፍ ሲበልጥ ገበያ ላይ የልብስ ሰፊዎቹን ቆርቆሮ ስበረብር ዋልኩ። «ለምን ልብስ ነው?» ይሉኛል። «ለአውሮፕላን» አልልም። ሲሊንደሮቹ ስቴኪኒ ላይ የተጠመጠመ ጥቁር ክር ናቸው። ክሩ ጥብቅ ብሎ ጎን ለጎን ሲተኛ ልክ እንደ ሞተር ማቀዝቀዣ ክንፍ መስመር መስመር ይሠራል። አንዱን ስጠመጥም ሁለቴ ካስነጠሰኝ እንደገና ነው።

ሜዳው ላይ ነው ከሌሎች ሞዴል ሠሪዎች ጋር የተጣላሁት፤ እነሱ ባያውቁም። ፈረንጆች የጣሊያንና የኢትዮጵያን ጦርነት ሲሠሩ መሬቱን ቢጫ ያደርጉታል። አሸዋ፣ ደረቅ ቁጥቋጦ፣ የተሰነጠቀ መሬት። ኢትዮጵያ ሲባል ኦጋዴን ብቻ ነው የሚታያቸው። ቦነያ ግን ሰኔ 19 ነው! የወለጋን ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምቱ ገብቷል፣ ሣሩ ለምልሟል፣ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይነቅላል። የአውሮፕላኑ ጎማ እስከ ግማሽ ጭቃ ውስጥ ካልገባ ውሸት ሠርቻለሁ። ስለዚህ አፈሩን ከጓሮ ወሰድኩ፤ ነቀምቴን ለመሥራት የነቀምቴን አፈር የሚያህል ቀለም የለም። በሙቀጫ ወቀጥኩት፣ በአሮጌ ሻሽ ነፋሁት፣ ከኮላና ከውኃ ጋር ለወስኩት። ሣሩ ቃጫ ነው፤ አምስት አምስት ሚሊ ሜትር ተከትፎ አረንጓዴ የተነከረ፣ በእኔ ስሌት ጉልበት የማይደርስ ሣር። ለጠቆረው አፈር የቡና አተላ ጨመርኩ፤ በወለጋ ቡና ካልሠራሁ በምን ልሥራ ብዬ። በደንብ አላደረቅኩትም ነበርና በሳምንቱ ሻገተ። ግማሽ ሜዳ ነጭ ጸጉር አበቀለ። ፍቄ አንስቼ እንደገና ጀመርኩ።

በነገራችን ላይ፣ የወለጋ ሙዚየማችን ውስጥ ስላለው የጣሊያን ጦር አውሮፕላን በጉብኝት ጽሑፎች ላይ «በ1935 ጥቁር አንበሶች መትተው የጣሉት» የሚል ይደጋገማል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው። አይሆንም። በዚያ ዓመት ጥቁር አንበሳ የሚባል ማኅበር ገና አልተወለደም። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1936፣ አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ነው። የቦነያዎቹም ከሰማይ ተመትተው አልወደቁም፤ መሬት ላይ ቆመው ነው የነደዱት። ሰው አንድ ዓመት ምን ልዩነት አለው ይለኛል። ለጽሑፍ ላይኖረው ይችላል። እኔ ግን በምሽት መሬት ላይ የቆመችና በአየር ላይ ያለች አውሮፕላን በአንድ መደብ ላይ መሥራት አልችልም።

ከወታደሮቹ ጋር ግን ብዙ ቆየሁ። በመጀመሪያ ያሰብኩት ውጊያውን ራሱን ነበር፤ እሳት ከጥጥ፣ ከሥሩ ቀይ አምፖል። አሥራ ሁለት የወደቁ ሰዎች። ሦስቱን ከሽቦና ከሰም ሠርቼ ጨረስኩ። ሦስተኛውን ስቀባ እጄ ቀዘቀዘ። ሁለት ሴንቲ የምትሆን ሬሳ ቡትስ በአንድ ጸጉር ብሩሽ ስትቀባ፣ የማን ወገን እንደሆነች እንኳን ትረሳለህ።

ጎረቤታችን ያሉ አንድ ሽማግሌ አልፎ አልፎ መጥተው ሥራዬን ያያሉ። ያን ዕለት ትንንሾቹን ጠመንጃዎች አይተው ነበር፤ ከመርፌ የሠራኋቸውን።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ጠመንጃ ናቸው አባባ።»

«በዚህ አገር ጠመንጃ ጠፍቶ ነው አንተ የምትጨምርበት?»

የምመልሰው አጣሁ። ባለፉት ዓመታት ወለጋ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ጥያቄ በቀልድ አይጠይቅም፣ የተጠየቀም በቀልድ አይመልስም። ሰፈራችን ውስጥ ልጆች ተኩስ ሲሰሙ ርቀቱን የሚገምቱበት ጊዜ ነበር። ለሽማግሌው ቡና አስፈላሁ፣ ስለ ቦነያ አጫወትኳቸው። ታሪኩን ከእኔ የተሻለ ያውቁት ነበር፤ ዝም ብለው ግን አዳመጡኝ። ስጨርስ ስለ ላሟ ነገርኳቸው፤ ጣሊያኖቹ አውሮፕላናቸውን ላም ይሏት እንደነበር። ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

«ታዲያ ላም በምሽት ሜዳ ላይ ትቶ ማን ተኝቶ ያድራል?»

ከዚያ በኋላ ሬሳዎቹን አነሳኋቸው። ጠመንጃዎቹንም። አሁን የምሠራው የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ነው፤ ሰኔ 19፣ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ሦስት አውሮፕላኖች ቆመዋል፣ ጎማቸው ጭቃ ውስጥ ነው። ከሩቅ የቆሙ የሰፈር ሰዎች አሉ፤ ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ይህ ምን ይሆን ብለው የሚያዩ። አሥራ አራት ናቸው፤ ሁሉም ላይ የተለያየ ገላ ቀብቻለሁ። ሌሊቱ የሚሆነውን ማንም ገና አያውቅም። አንዳንዶቻችሁ «ድሉን ደበቅክብን» ትሉኝ ይሆናል። ድሉን የሚያውቅ ሰው ሲያያት ይሰማዋል፤ የማያውቅ ደግሞ ይጠይቃል።

ይህን ስጨርስ «ፀሐይ» የምትባለውን አውሮፕላን ልሠራ አስቤያለሁ፤ በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከእኛ ሰዎች ጋር አዲስ አበባ የሠራትን፣ ጣሊያን ወስዷት ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ ጥር 2016 የተመለሰችውን። ስሟን ያገኘችው ከልዕልት ፀሐይ ነው። ልዕልቲቱ ደግሞ ባለቤታቸው ወለጋን ሲገዙ እዚሁ ነቀምቴ ኖረው፣ ነሐሴ 1934 እዚሁ በወሊድ ምክንያት አረፉ። አውሮፕላኗ አዲስ አበባ ናት፣ ነቀምቴ ግን አንድ ትንሽዬ ብትኖራት አይበዛባትም።

ለጊዜው ቦነያ ላይ አንድ ክፍት ቦታ ቀርቶኛል፤ በሁለተኛዋ ካፕሮኒ ክንፍ ሥር፣ ጥላው የሚያርፍበት። የእህቴ ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ መጥታ አየችና «እዚህ ላም ትግባ» አለች። በእኔ ስሌት የላም ቁመት አንድ ሴንቲ ከሰባት ሚሊ ሜትር ነው። ነገርኳት። ከጓሮ ጭቃ አመጣች፣ ማስመሪያ ወስዳ ለካች፣ ሻኛውን በትንሿ ጣቷ ገፋ አደረገች። ዛሬ ጠዋት መስኮቱ ላይ አስቀምጣት ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። ሰኔ ስለሆነ አልደረቀችም፤ አንድ ቀንዷም ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። እንዳልነካው አስጠንቅቃኛለች።