የደጋው ደመና

እናንተ የደጋ ልጆች፣ ክረምት ሲባል ትዝ የሚላችሁ ብርድና ጭቃ ነው። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ባለችው በሁርሶ ግን ክረምቱም ሐሩር ነው። በልጅነቴ፣ ፀሐይ ስትበረታ ታናናሾቼን የማጫወት ኃላፊነት የእኔ ነበር። በውሃ የተነከረ ነጠላ አለብሳቸዋለሁ፤ በግራር ጥላ ሥር ገበጣ እቆፍርላቸዋለሁ፤ ሲሰለቻቸውም እንቆቅልሽ እጠይቃቸዋለሁ።

አንድ ቀን ግን ወደ ደረቁ ወንዝ ቀዝቃዛ አሸዋ ካልወረድን ብለው አስቸገሩኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለ ነበር እሺ አልሁ። እናታችን በደቡብ ተራሮች ላይ ደመና አይታ ኖሮ፣ እየጮኸች መጥታ አስወጣችን። ጥቂት ቆይቶ ደራሽ ጎርፍ የሠራነውን የአሸዋ ቤት ጠርጎ ወሰደው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ያ ጩኸት ትዝ አለኝ። እንግዲህ ሕፃናትን ከሙቀት ስታስጠልሉ፣ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አትመልከቱ፤ የደጋውንም ሰማይ ልብ በሉ።